ከካሶስ ካርፓቶስ፣ አምስት ደቂቃ በአየር

ሰቫስቲ ስንዴውን ቀቅላ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥታው አድራ ነበር። ሰማዩ ገና ሲገረጣ ተነሥታ በእጇ ዳበሰችው። ደርቋል፤ ፍሬ ፍሬው ተለያይቷል። የእህቷ የአርኮንዱላ አርባ ዛሬ ነው። ዘቢቡን፣ የሮማኑን ፍሬ፣ ቀረፋውንና የተቆላውን ሰሊጥ ከስንዴው ጋር ደባልቃ ትልቁ ትሪ ላይ ከመረችው፤ በመዳፏ እየደመደመች ቅርጽ አስያዘችው፤ በላዩም የሽምብራ ዱቄት ነፋችበት። ከዚያ የስኳሩን ዱቄት አነሣችና ቆም አለች።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ኮሊቫ የሚባለውን ይህን የሙታን ንፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስኳሩን የሚያለብሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ የለበሰ ስኳር የስንዴውን እርጥበት ይስባል፤ ያልበዋል፤ በላዩ የተሠራው መስቀልና ስም ይፈርሳል። ሰቫስቲ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ግን መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው። ከትንሿ የግሪክ ደሴት ከካሶስ የሚነሣው አውሮፕላን ጎረቤት ደሴት ካርፓቶስ እስኪያርፍ አየር ላይ የሚቆየው ይህንኑ ያህል ነው። ደግሞም እዚያ ደርሳ፣ አጎንብሳ፣ በመንደርተኛው ፊት ስኳር ስትነሰንስ የእህቷ ልጅ ዚኖቪያ ቆማ እንድታያት አልፈለገችም። ያለቀለት ትሪ ይዛ ቀና ብላ መግባት አማራት። ስለዚህ ስኳሩን ነፋች፤ በወረቀት ተጭና አለሰለሰችው፤ ብር በሚመስሉ ደቃቅ ከረሜላዎች መስቀል ሠራች፤ ከመስቀሉ ሥር የእህቷን ስም መነሻ ፊደል በለውዝ ደረደረች። አማረ። ዕድሜ ልኳን "አምስት ደቂቃ" የሚለውን ውሸት ስትረግም ኖራ፣ በዚያ ጠዋት እሷም አመነችው።

ሰቫስቲ የካርፓቶስ ልጅ ነች። የተወለደችው ኮረብታ ተገን ባደረገ አንድ መንደር ውስጥ ነው፤ ለእናቷ ሁለተኛ ሴት ልጅ ሆና። በዚያ አገር የእናት ቤት፣ የእናት ወይራ፣ እናት በአንገቷ የምትደረድረው የወርቅ ሳንቲም ሁሉ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ነው። ለተከታይዋ የሚተርፋት ጉልበቷ ነው። አርኮንዱላ በበዓል ቀን ወርቁን ደረቷ ላይ አንጥፋ ስትወጣ፣ ሰቫስቲ ከኋላዋ ቀሚሷን እያስተካከለች ትከተላት ነበር። አርኮንዱላ ክፉ እህት አልነበረችም። አገሩ የሰጣትን ተቀበለች እንጂ ከማንም አልቀማችም። ሰቫስቲን ይበልጥ ያንገበገባትም ይኸው ነበር፤ የምትጣላው ሰው አጣች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ያኩሚስ የሚባል የካሶስ ሰው፣ የመርከብ ወጥ ሠሪ፣ ለክብረ በዓል መጥቶ አያትና ጠየቃት።

"ወርቅ የለኝም" አለችው።

"እኔም ቤት አልቀመጥም" አላት።

ተስማሙ። ተሻግራ ካሶስ ገባች፤ ዳቦ ቤት ተቀጠረች፤ የመርከበኞች ደረቅ ዳቦ ስትጋግር ኖረች። ያኩሚስም እንዳለው ቤት ሳይቀመጥ ሞተ። አንድ ወንድ ልጃቸው ዛሬ እሱም መርከብ ላይ ነው።

ያገባች ሰሞን መሻገሪያው ጀልባ ነበር። ሰው ካርፓቶስ ሲሄድ ጎረቤት ወደብ ድረስ ይሸኘው ነበር፤ ሲመለስም ይሳም ነበር። በኋላ ሁለቱም ደሴቶች አውሮፕላን ማረፊያ ኖራቸው፤ አምስት ደቂቃ የሚባለውም ነገር መጣ። ከዚያ ወዲህ ለስንብት የሚያለቅስ ጠፋ። የሚመጣም ጠፋ። ዛሬ ያልተሄደበት ቦታ ነገ ይሄዱበታል፤ ነገ ካልሆነ በሌላው ሳምንት። ቅርብ ነውና።

"ነይ እንጂ!" ትላት ነበር አርኮንዱላ በስልክ። "ጎሮሮሽ ውስጥ ያለውን ሳትውጪ ትደርሻለሽ እኮ።"

"አንቺስ አትመጪም?"

"እኔማ ቤቱን ለማን ጥዬ?"

ቤቱን። ሁልጊዜ ቤቱ አለ። ሰቫስቲ ለክርስትናው፣ ለሠርጉ፣ ለእናቷ ቀብር፣ ለወይራ ለቀማ ተመላልሳለች። አርኮንዱላ ግን የካሶስን አፈር ሳትረግጥ በሰኔ ሞተች።

ቀብሩ በማግስቱ ነበር። ሰቫስቲ ጥቁሯን ለብሳ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዋለች፤ አውሮፕላኑ ግን ነፋስ መልሶት ሳያርፍ ሄደ። መርከቦችም ከወደብ እንዳይወጡ ታግደው ነበር። ማታ ጣሪያዋ ላይ ወጥታ ካርፓቶስን አየችው። ባሕሩ ማዶ ተጋድሟል፤ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። እዚያ ያሉት ደግሞ ነፋሱን አላመኑም። መንደሩን ኮረብታው ይከልለዋል፤ ነፋሱ የሚያብደው አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት በደሴቱ ጫፍ፣ ሜዳው ላይ ነው። ሐምሌም ሆነ ሰኔ ያ ነፋስ ደመና አያመጣም። መንደርተኛው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። "አምስት ደቂቃ መንገድ ለእህቷ ቀብር ሳትመጣ ቀረች" ተባለ። ወሬው በአምስት ደቂቃ ሳይሆን ወዲያውኑ ካሶስ ደረሰ።

ለዚህ ነው ዛሬ መድረስ ያለባት። ሰው ፊት ቆማ፣ ይህን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቄሱ የእህቷን ስም ሲጠሩ መስማት። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። ቅዳሜ ልትሻገርበት ያሰበችው መርከብ እንደገና ታግዷል። የቀረው የእሑድ ጠዋቱ አውሮፕላን ብቻ ነው።

የካሶስ አውሮፕላን ማረፊያ ከአንድ ሰፊ ሳሎን አይበልጥም። ትኬት የሚያየው ሚናስ ነው፤ ሻንጣ የሚጭነው ሚናስ ነው፤ ፍየል ሜዳው ላይ ሲገባም የሚያባርረው እሱ ነው።

"እትዬ ሰቫስቲ፣ ምንድን ነው እሱ? እንደ ሙሽራ ተሸፍኗል።"

"የእህቴ አርባ ነው። አትንካው!"

"መንካት አልነካውም፤ ማየት ግን ሥራዬ ነው።" ሽፋኑን ከዳር ገለጥ አደረገ። "ኧረ ነጭ ዱቄት! ካፒቴን፣ ና ጉድ እይ፤ እትዬ ሰቫስቲን ፖሊስ ሊወስድብን ነው!"

"ስኳር ነው፣ አንተ ቀልማዳ! ሸፍነው፣ አቧራ ይገባበታል።"

ካፒቴን የተባለው ኒኪታስ ነው። በወጣትነቱ የመርከብ ሞተር ዘይት ይቀባ ነበር እንጂ መርከብ አልነዳም፤ ካሶስ ውስጥ ግን ጡረታ የወጣ መርከበኛ ሁሉ ካፒቴን ነው። በአንድ ካርቶን አይብ ይዞ ካርፓቶስ ላገባችው ልጁ ሊወስድላት ነበር። ከሰቫስቲ አጠገብ ተቀመጠና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ከንፈሩን መጠጠ።

"ሰማዩ ጠራ" አለ።

"እሰይ።"

"ምን እሰይ አለው? እንዲህ ሲጠራ ነው እኔ የምፈራው። ያንን ከረጢት እዪው።" ከሜዳው ዳር ያለው የነፋስ መለኪያ ከረጢት እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ዝም በል፣ ኒኪታስ። በእግዚአብሔር ዝም በል።"

የመነሻው ሰዓት አለፈ። አውሮፕላኑ ከቀርጤስ፣ ከሲቲያ ነው የሚመጣው፤ ሚናስ ስልክ ደወለ፤ ገና አልተነሣም ተባለ። ሰቫስቲ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አዳራሹ ይሞቅ ነበር። ደጁ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ ይገባና ወረቀት ይበትናል። ስልኳ ጮኸ፤ ዚኖቪያ ነች።

"አክስቴ፣ አረፋችሁ?"

"ምን አርፈን? አልመጣም እኮ።"

"እንዴት? እዚህ ቅጠል አይነቃነቅም!"

"እዚህ ደግሞ የሚናስ ውሻ ሊበር ነው።"

ዚኖቪያ አልሳቀችም። "አክስቴ፣ ሰው ይጠይቀኛል። ምን ልበላቸው?"

"ነፋስ ነው በያቸው።"

"ያኔም ነፋስ ነው ብያቸዋለሁ።"

ሰቫስቲ ደሟ ፈላ። የምትመልሰው ቃል አፏ ድረስ መጣ፤ ግን በአርባው ቀን የሚባል አልነበረምና መልሳ ዋጠችው።

"ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ትንሽ እንጠብቃታለን ብለዋል" አለች ዚኖቪያ። "ትንሽ ነው ያሉት።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሰቫስቲ ሽፋኑን አነሣችና አየች። ከትሪው ዳር ስኳሩ እንደ ላብ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ጀምሮታል። ወዲያው ሸፈነችው፤ ካላየችው የሚቆም ይመስል።

አውሮፕላኑ በመጨረሻ መጣ። ክንፉን ወዲያና ወዲህ እየጣለ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወረደና አረፈ። ሚናስ ሻንጣዎቹን እየሮጠ ጫነ። "በሉ፣ በሉ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ!" እያለ ሰዉን እንደ በግ ነዳው። ሰቫስቲ ትሪውን አቅፋ ነፋሱን በጀርባዋ እየመከተች ደረጃውን ወጣች።

"እናቴ፣ ይህ ላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ መግባት አለበት" አለቻት አስተናጋጇ።

"አይገባም። ይደፋል።"

"እንግዲያው ከወንበሩ ሥር።"

"የሙት ንፍሮ ከእግር ሥር? እናት አለሽ አንቺ?"

አስተናጋጇ ትሪውን አየች፤ ጥቁር ልብሷን አየች፤ አማተበችና "እሺ፤ አጥብቀው ይያዙት" ብላ አለፈች።

ተነሡ። ሰቫስቲ ከመስኮቱ አጠገብ ናት። ባሕሩ ከሥራቸው በነጭ አረፋ ተንቦጫርቋል፤ የካርፓቶስ ጫፍ ወዲያው መጣ፣ ሰፋ፣ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቡኒ ተለወጠ። የአውሮፕላኑ እግር ሲወርድ ሰማች። "ደረስኩልሽ" አለች በልቧ። አስፋልቱ ታየ፤ የአጥሩ ሽቦ ታየ፤ ከአጥሩ ጋር የታሰረ አህያ እንኳ ታየ። ከዚያ አንድ ነገር ከጎን እንደ ቡጢ መታቸው። ትሪው ከጭኗ ላይ ተነሥቶ ወረደ። ሞተሩ ጮኸ፤ መሬቱ ራቀ።

"ምን ሆነ? ለምን ወጣ?" አለች።

"አልቻለም" አለ ኒኪታስ፤ ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞታል። "እንደገና ይሞክራል።"

እንደገና ሞከረ። በዚህኛው ጊዜ አህያው ድረስ እንኳ አልወረዱም። አብራሪው በድምፅ ማጉያ፣ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ በነፋሱ ምክንያት ካርፓቶስ ማረፍ እንዳልተቻለ፣ ወደ ሮድስ ደሴት እንደሚቀጥሉ ነገራቸው።

"ሮድስ?" አለች ሰቫስቲ። "ሮድስ ምን አለኝ?"

አውሮፕላኑ ክንፉን አጋድሎ ከኮረብታው በላይ ዞረ። ያኔ መንደሩን አየችው። የደወሉን ማማ፣ የእናቷን ቤት ጣሪያ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ። ግቢው ውስጥ ጥቁር ነጠብጣቦች ተሰብስበዋል። ሰዎች ናቸው፤ የቆሙ ናቸው። አውቶብስ ቢሆን "ወራጅ አለ!" ብላ ታስቆመው ነበር። ግንባሯን ከመስታወቱ ጋር ለጠፈችው፤ ነጠብጣቦቹን በዐይኗ ይዛ ለማቆየት ሞከረች። ክንፉ ተነሣና ሸፈናቸው። ከዚያ በኋላ የነበረው ባሕር ብቻ ነው።

የሮድስ አውሮፕላን ማረፊያ ትልቅ ነው። አጭር ሱሪ በለበሱ፣ ፀሐይ ባቀላቸው እንግዶች ተሞልቷል። የካርፓቶስ መንገደኞች አንድ ጥግ ላይ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ሰቫስቲ ትሪውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሽፋኑን ገለጠች። ስኳሩ ጭቃ ሆኗል። የመስቀሉ ከረሜላዎች ወደ አንድ ወገን ተንሸራተዋል፤ የአርኮንዱላ ፊደል ተንዶ ለውዞቹ ትሪው ጠርዝ ላይ ተከምረዋል።

"ለሰዉ እንስጠው" አለ ኒኪታስ ቀስ ብሎ። "እያንዳንዱ ነፍስ ይማር ይበል። ምን አለበት?"

"ያልተጸለየበትን?"

"ታዲያ ይጣል?"

"አፍህን ዝጋ፣ አይጣልም።"

"አይበላ፣ አይጣል፤ ምን ሊሆን ነው ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቄ!" ጮኸች። አንድ ሕፃን ዞሮ አያት። "ምን አውቃለሁ እኔ? ዕድሜ ልኬን ነይ እባላለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ቅርብ ነው እባላለሁ! ከዚህ ቀጥታ ካሶስ ቤቴ። ከእንግዲህ ያንን አገር እግሬም አይረግጠው። በቃኝ።"

ስልኳ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳታይ አነሣችው።

"አልቋል፣ አክስቴ" አለች ዚኖቪያ። ድምፅዋ ደርቋል። "ቄሱ ጠበቁ፣ ጠበቁና አነበቡ። ሰዉም ሄዷል። ፀሐይ ናት እዚህ፤ ልብስ ብታሰጪ በጸጥታ ይደርቃል።"

የዋጠችው ነገር አሁን ወጣ። "ስሚ፣ ዚኖቪያ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥታ ታውቃለች? አንድ ቀን? ልጄ ሲወለድ? ያኩሚስ ሲሞት? መንገዱ ከእናንተ በኩልም ያው ነው እኮ! ከእኔ ወዲያ ሲሆን አምስት ደቂቃ፣ ከእናንተ ወዲህ ሲሆን ዓለም ዳርቻ? እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የምሻገረው?"

ከስልኩ ውስጥ ሰሃን ሲነካካ፣ ውሃ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ሰዉ ከሄደ በኋላ ያለው የወጥ ቤት ድምፅ ነው።

"የት ነሽ አሁን?" አለች በመጨረሻ።

"ሮድስ።"

"ሮድስ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ይጠየቃል? ጣሉኝ! ሁለቴ ሊያርፍ ሞክሮ አልቻለም። በላያችሁ አልፎ እዚህ አመጣኝ።"

የውሃው ድምፅ ቆመ።

"ያ አንቺ ነበርሽ?" አለች ዚኖቪያ።

"ምኑ?"

"ቄሱ ስሟን ሲጠሩ አውሮፕላን መጣ። ዝቅ ብሎ። በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም፤ ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። ቄሱ ድምፃቸው አልሰማ ሲል ቆሙ፤ እስኪያልፍ ጠበቁና እንደገና ጀመሩ። ሁለቴ ጠሩት ስሟን። እኔ ደግሞ ተናድጄ ነበር። ዛሬ እንኳ በጸጥታ አይተዋትም ብዬ።"

ሰቫስቲ ከትሪው አጠገብ ተቀመጠች። ንዴቱ አልሄደም፤ እዚያው ደረቷ ላይ ነበር፤ ግን የሚያርፍበት አጥቶ እንደዚያ አውሮፕላን ይዞር ጀመር።

"አየሽን?" አለች ዚኖቪያ።

"ጥቁር ጥቁር ነገር አየሁ። እናንተ ትሁኑ ሌላ አላወቅሁም።"

"እኛ ነን።"

ቀጥሎ ዚኖቪያ፣ እንደ እናቷ ሳይሆን እንደ ራሷ በሆነ ድምፅ፣ "መቃብሯ ላይ የተነባበረ አበባ አለ፤ እስከ ነገ አይደርቅም" አለች። ነይም አትምጪም አላለችም። ስልኩ ተዘጋ።

የአየር መንገዱ ሠራተኛ፣ ላብ ያጠመቃት ልጅ፣ ወረቀት ይዛ መጣች። "እባካችሁ ስሙኝ። ዛሬ ሆቴል ታድራላችሁ። ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ካርፓቶስ ለማረፍ ይሞክራል፤ ነፋሱ ከፈቀደ ማለት ነው። ካልፈቀደ ወደዚሁ ይመልሳችኋል። ይህን የማትፈልጉ፣ ቀጥታ ካሶስ የምትመለሱ፣ እጃችሁን አውጡ።"

አራት አምስት እጅ ወጣ። ኒኪታስም አይቡን እያሸተተ እጁን አወጣ፤ ከዚያ ዞር ብሎ ሰቫስቲን አያት።

"እጅሽን አውጪ እንጂ! ልጅቷ እየቆጠረች ነው።"

ሰቫስቲ ትሪውን ወደ ጭኗ እየሳበች ነበር።

"ነገም ይነፍሳል፣ እኔ ልንገርሽ" አለ ኒኪታስ። "ይህ ነፋስ ከጀመረ ሦስት ቀን ሳይሞላ አይተኛም።"

"ይንፈስ" አለችው፤ እጆቿን ከትሪው ላይ ሳታነሣ።